የጋሼ ተሰማ ሎሚ ሻይ፣ ከናዝሬት እስከ ሻሸመኔ

እሽግ ክፍል አብረን የሠራን ሴቶች ዛሬም በወር አንድ ቀን እንገናኛለን። በተገናኘን ቁጥር አንዷ ትነሣና «ብርቄ፣ እስቲ ያን የሳሙናውን ነገር» ትላለች። እኔ አፌን ሳልከፍት ሌላዋ ተቀብላ ታወራዋለች። በእሷ አፍ ሳሙናው ሁለት ካርቶን ይሆናል፣ መኪናው ይገለበጣል፣ ጋሼ ተሰማም ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ጋሼ ተሰማ ሐይቅ አልገቡም። ሳሙናውም አሥራ ሁለት ፍሬ ነበር፤ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ማንም እንዳያጣምምብኝ ያን የስምንት ቀን ጉዞ እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ከደብረ ዘይት ወዲያ ሄዳችሁ የማታውቁትም፣ እናንተ ያሸጋችሁት ሻይ የት የት እንደዞረ እወቁት።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመቴ፣ በመንግሥት ሻይ ማሸጊያ ቤት ቀማሽ ነበርኩ። ሰው ቀማሽ ሲባል ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣ ይመስለዋል። ሥራው ጠዋት የተደረደረውን ሠላሳ ስኒ በማንኪያ እየጨለፉ፣ ጎረቤት እስኪሰማ በድምፅ ስቦ፣ በአፍ አገላብጦ መትፋት ነው። ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ ተሰማ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሻይ ሲቀምሱ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ክራቫታቸውን እሑድ እንኳ የማያወልቁ ሰው ነበሩ።

በዚያ ዓመት ክር ያለው የከረጢት ሻይ፣ ያውም ጣዕም የተጨመረበት፣ ልንሠራ ተነሣን። ማሽኑ አንድ ስለሆነ የሚሠራው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ለምርጫ የቀረቡት ሦስት ነበሩ። ቀረፋው የመምሪያ ኃላፊው ምርጫ ነው። ዝንጅብሉ የማንም አልነበረም፤ ሁለት ብቻ ከሚሆን ተብሎ የገባ ነው። ሎሚው የጋሼ ተሰማ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጣጩን ጉለሌ ቤታቸው ቆርቆሮ ላይ እያሰጡ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር በሌሊት ልብሳቸው እየሮጡ ያወጡት ሻይ ነው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸው ነበር። አፍ አውጥተው አልተናገሩም እንጂ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ አንድ የራሳቸውን ነገር ትተው ለመሄድ እንደፈለጉ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ኃላፊው «ሕዝቡ ይፍረድ» አሉ። እኛም ፍርዱን ልንቀበል ወረድን።

ሰኞ፣ ናዝሬት

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት ሆነን ተነሣን፦ ጋሼ ተሰማ፣ እኔና ሾፌራችን ሰይድ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ላንድሮቨሯን እንደ በቅሎ ያናግራታል፤ ዳገት ላይ «አይዞሽ እናቴ» ይላታል።

ሳሙናው እንዲህ ነው። ጉለሌ አሳድጋኝ ኋላ ሻሸመኔ የገባችው አክስቴ፣ ሳሙና ከከተማው ጠፍቶ በእንዶድ እያጠበች መሆኑን ጽፋልኝ ነበር። ከቀበሌ ሱቅ በየወሩ ከሚደርሰኝ እየቆጠብኩ አሥራ ሁለት ፍሬ የልብስ ሳሙና አጠራቀምኩላት። ነገር ግን ኬላ ላይ ሳሙና ከተገኘ «ለንግድ ነው» ብለው ይወርሱታል። የሻዩ ካርቶን ግን ማኅተም አለው፣ አይፈተሽም። ጋሼ ተሰማ ካርቶኑ ሳይታተም ከሎሚው ጥቂት ፓኬት አውጥተው ለየቢሮው አስቀምሰው ስለጨረሱ ከሥሩ ክፍት ቦታ ተገኘ። ሳሙናውን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በላስቲክ ደግሜ፣ እዚያ ከተትኩት።

«ሻይ ሐሜተኛ ነው» ይሉኝ ነበር ጋሼ ተሰማ ሲያስተምሩኝ። «አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይሰማል፤ የሰማውን ሁሉ ይናገራል። ሽቶ ተቀብተሽ አትምጪ።» ይህን ከአባታችን ሆይ እኩል አውቀው ነበር። ግን ለአራት ቀን ምን ይሆናል አልኩ። ማወቅ ሌላ፣ አክስት ሌላ።

ናዝሬት የገባነው እኩለ ቀን ሳይሆን ነው። እኛ ጉለሌ በክረምት የታጠበ ነጠላ ሦስት ቀን ተሰጥቶ እንደረጠበ ይገባል። ናዝሬት መሃረቤን አጥቤ ሰጥቼ ፊቴን ላዞር ስል ደርቆ ወደቀ። ጋሼ ተሰማ ኮታቸውን አላወልቅም ብለው እስከ ስምንት ሰዓት ተከራከሩ፤ በስምንት ሰዓት ፀሐይዋ ረታች።

ያረፍነው ከአውቶቡስ ተራ አጠገብ እትዬ ዘነበች ሻይ ቤት ነው። እትዬ ዘነበች ሰፊ ሴት ናቸው፤ በሻይ ቤታቸው ውስጥ ሲያልፉ ወንበር ሁሉ መንገድ ይለቃል። ስኳር እዚያም እንደኛ በራሽን ነበር። እሳቸው ግን ከቤት የራሳቸውን ድርሻ በቆርቆሮ አምጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። «ያለ ስኳር የተፈረደ ሻይ ያለ ጠበቃ እንደተፈረደ ሰው ነው» አሉ።

ሻዩ ቀረበ። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከረጢቱን በክሩ ይዞ፣ አይጥ በጅራቷ እንደሚያነሣ አንሥቶ አየው።

«እኔ የምለው» አለ፣ «ይሄ ሻይ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?»

ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ዘመን «ታሰረ» የሚለው ቃል ለጨዋታ አይነሣም። ጥግ ላይ ከነበሩት አንዱ፣ የቀበሌ ሰው መሆናቸው በደረት ኪሳቸው ከተሰኩት ሦስት ብዕሮች ያስታውቃል፣ ብርጭቆአቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። እኔ የጠጪዎቹን ፍርድ የምሞላበትን ቅጽ ፊቴ ላይ ጋረድኩ።

ሰይድ ከበሩ በኩል፣ «ለማጣራት ነው» አለ።

ከዚያ ባለ ሦስት ብዕሩ ሰውዬ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቃቸውን ሊውጡ ቢሞክሩ ሻዩ በአፍንጫቸው ወጣ። እሳቸው ሲስቁ ቤቱ በሙሉ ተፈቀደለትና ሳቀ።

እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። ሳብኩ፣ አገላበጥኩ፣ በያዝኩት ጣሳ ተፋሁ። አንዲት አሮጊት ይህን አይተው ተጠግተው፣ «ልጄ፣ ስንት ወርሽ ነው?» አሉኝ። ያላገባሁ መሆኔን ስነግራቸው የባሰ አዘኑ።

ፍርዱ ግን ደስ የሚል ነበር። አብዛኛው ሰው ሎሚውን «ጥሩ» አለው። ጋሼ ተሰማ ቅጾቹን አንድ ባንድ እያነበቡ፣ ፊታቸውን ለመቆጣጠር ሲታገሉ አየኋቸው። ሲወጡ ለእትዬ ዘነበች ከካርቶኑ አናት አንድ ፓኬት ሎሚ ሻይ በስጦታ ሰጧቸው።

ማክሰኞ፣ መቂ

ጋሼ ተሰማ በጉንፋን ነቁ። ያደሩበት ሆቴል ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር ቬንትሌተር ነበረው። እንደዚያ ያለ ነገር ቤታቸው የለምና እንግዳ ነገር አይናቅም ብለው ሌሊቱን ሙሉ ሲነፋባቸው አድሯል። አፍንጫቸው እንደ ጠርሙስ ተወትፏል። «የጉለሌ ብርድ ስልሳ ዓመት ያላሸነፈኝን፣ የናዝሬት ሙቀት በአንድ ሌሊት» አሉ።

ሰይድ ቤንዚን ሊያስፈቅድ ሄዶ እስከ ስድስት ሰዓት ቆየ። መኪናይቱም ካርቶኖቿን ይዛ እስከ ስድስት ሰዓት በዚያች ፀሐይ ላይ ቆመች። ይህን ልብ በሉ፤ እኔ ግን ልብ አላልኩትም፤ ጥላ ሥር ፓፓያ እየበላሁ ነበር።

ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ከቆቃ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው፤ ግራር፣ አቧራ፣ እንደገና ግራር። እኛ አገር መንገድ ላይ ሲሄዱ ከፊት ሁልጊዜ ተራራ ይጠብቃል፤ እዚያ የሚጠብቅ የለም። ጎማ የተነፈሰብንም እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ አስቸገረን። በጋሪ የሚያልፍ አንድ ሰው ምንም ሳይጠየቅ ወርዶ፣ የጋሪውን ሳንቃ ነቅሎ ከክሪኩ ሥር አደረገልን። እኛ ቀረፋ ሻይ ልንሰጠው ስንል «ሻይ ቤቴ አለ» ብሎ ሳንቃውን መልሶ ገጥሞ ሄደ።

መቂ የደረስነው በአሥር ሰዓት ነው። ከገበያው ዳር ሻይ ቤት ገብተን አፈላን። ቀረፋው ጥሩ፣ ዝንጅብሉ ጥሩ። ሎሚው ሲደርስ አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ብርጭቆውን ከአፍንጫዋ አራቀች።

«እኅቴ፣ ይሄ ሻይ ታጥቧል እንዴ?»

ጎረቤቷ ቀመሰ። «ለልብስ ጥሩ ነው» ብሎ ፈረደ።

እኔም ሳብኩ። ከምላሴ ሳይደርስ አወቅኩት። ሳሙና ነው፤ ከሥሩ ሎሚ፣ ከላዩ የልብስ ሳሙና። የናዝሬት ፀሐይ ካርቶኑን እንደ ምድጃ አሙቃው፣ ሐሜተኛው ሻይ የሰማውን ሁሉ ይዟል።

ጋሼ ተሰማም ቀምሰው ነበር፤ ግን አፍንጫው የተዘጋ ቀማሽ ዓይኑ እንደታሠረ ነው። ወደ እኔ ዞሩ።

«ብርቄ፣ እኔ ምንም አልለየሁ። ምን አለው?»

አሥር ዓመት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።

«ውሃው ነው ጋሼ» አልኩ። «የመቂ ውሃ ጨው አለው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አመኑኝ። እኔም ሰው ሳያየኝ ወደ መኪናው ሄጄ ሳሙናውን አወጣሁና ከመቀመጫዬ ሥር ደበቅኩት። በዚህ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ዝዋይ

አላለቀም። ዝዋይም ሎሚው ያው ነው። ሽታው ከከረጢቱ ጨርቅ ገብቷል፤ ሳሙናው ቢወጣ እሱ አይወጣም።

ምሳ ከሐይቁ ዳር በላን። ረቡዕ ስለሆነ ዓሣ ጾም ነው አይደለም በሚለው ጋሼ ተሰማና የሆቴሉ ምግብ አብሳይ ብዙ ተከራከሩ። አብሳዩ «ደም የለውም» አለ። ጋሼ ተሰማ «ዓይን አለው» አሉ። በመጨረሻ ሰይድ የሁሉንም ድርሻ እየጎተተ መሆኑ ሲታይ፣ ጋሼ ተሰማ «አባቶች ፈቅደዋል» ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ቆሮሶ የሚሉት የሐይቁ ዓሣ በአዋዜ ተጠብሶ ነበር፤ እኔ ከዚያ በፊት ዓሣ የማውቀው በቆርቆሮ ነው።

አብሳዩ ሎሚ ሻያችንን ቀምሶ ፊቱን አኮማተረ። «ሻዩን ተዉትና ሎሚውን ለዓሣው ስጡኝ» አለ። ሁሉም ሳቀ። ጋሼ ተሰማም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም።

ከምሳ በኋላ ብቻቸውን ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ።

«የመቂ ውሃ ነው አልን። የዝዋይስ?»

«የዝዋይም...»

«ተይው ልጄ» አሉኝ። «አርባ ዓመት የሰው ሻይ ስተፋ ኖርኩ። አሁን ሰው የኔን ቢተፋ ምን ይገርማል? ናዝሬት በይሉኝታ ነው ጥሩ ያሉት፤ ስኳር ያመጡ ሴትዮ ፊት ማን ክፉ ይናገራል? ከነገ ጀምሮ ሎሚውን አናቀርብም። ቅጹ ላይ ሰርዢው።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ይህን ለመናገር ከመቂው ውሸት ጭምር መጀመር ነበረብኝ። ቅጹን አውጥቼ እንዳሉኝ ሎሚውን ሰረዝኩት።

ሐሙስ፣ ቡልቡላ

አደሚ ቱሉን አልፈን ቡልቡላ የገባነው ረፋድ ላይ ነው። የቡልቡላ አቧራ ነጭ ነው፤ ከጉለሌ ጭቃ የሚሻለው ሲራገፍ መርገፉ ነው። የተቀበሉን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ገመዳ ናቸው። ቤታቸው ወስደው፣ ደጃፋቸው የዛፍ ጥላ ሥር ቆዳ አንጥፈው፣ እርጎ በትልቅ ጣሳ ሰጡን። ሰባት ስምንት ጎረቤት ተሰበሰበ። ባለቤታቸው ረጅም ሴት ናቸው፤ አማርኛቸውን ከኦሮምኛ ጋር እያሰናሰሉ ይናገራሉ። ስማቸውን ስንጠይቅ፣ «ሎሚ» አሉ።

ሰይድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀረፋውና ዝንጅብሉ ሲቀርብ ሰይድ ምላሱ አላስቀምጠው ብሎ፣ «አዴ ሎሚ፣ ሞክሼዎም ከመኪና አለች፤ ደብቀዋት ነው» አላቸው።

«አካም! እንዴት ተደርጎ!» አሉ አዴ ሎሚ። «የኔን ሞክሼ ደብቃችሁ የሰው ቀረፋ ታጠጡኛላችሁ? አምጧት!»

ጋሼ ተሰማ «አልጣመም እመቤቴ፣ ይቅርብዎ» ቢሉ አልሆነም። መጣ፣ ተነከረ፣ ቀረበ። አዴ ሎሚ አሸተቱ። አንዴ ቀመሱ። ደግመው አሸተቱ።

«ይሄ ክፉ ሻይ አይደለም» አሉ። «ይሄ ሳሙና ነው። ሳሙና አላችሁ?»

የቀሩት ሴቶች ቀና ቀና አሉ። እዚያም ሳሙና ከጠፋ ወራት ሆኖታል። «ሳሙና ካላችሁ» አለች አንዷ፣ «ሻዩን ውሰዱት፣ ሳሙናውን ተዉልን።»

ጋሼ ተሰማ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ አዩ። ዓይናቸው ውስጥ ጥርጣሬ የለም፤ እንዳስረዳቸው ነው የሚጠብቁት። ያን ጊዜ አልቻልኩም። ተነሥቼ ወደ መኪናው ሄድኩ፣ ከመቀመጫዬ ሥር ጥቅሉን ጎትቼ አወጣሁ፣ አምጥቼ ቆዳው ላይ ዘረገፍኩት። አሥራ ሁለት ፍሬ።

«ለአክስቴ ነበር» አልኩ። «ኬላ ላይ እንዳይወረስ የሎሚው ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። ሻዩ ምንም አላደረገም ጋሼ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ጋሼ ተሰማ በተወተፈ ድምፃቸው፣ «መቂ ላይ ታውቂ ነበር?» አሉ።

«አዎ።»

«ውሃው ነው አልሽኝ።»

«አዎ።»

ተነሡ፣ ኮታቸውን አራገፉ፣ ኦቦ ገመዳን አመስግነው መኪና ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። እኔ ባለሁበት ቀረሁ። አዴ ሎሚ መጥተው ክንዴን ያዙ። «ሽማግሌ የሚናደደው በሚወደው ልጅ ነው» አሉኝ። አራት ፍሬ ሳሙና ሰጠኋቸው። እሳቸውም እንቢ ብል ቅር እንደሚሰኙ ነግረውኝ አንድ ቅል ቅቤ አስያዙኝ።

ነገሌ ስንደርስ ጋሼ ተሰማ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ «ወይዘሪት ብርቅነሽ፣ እባክዎ መስኮቱን ይዝጉልኝ» አሉ።

አሥር ዓመት «አንቺ» እና «ብርቄ» ያሉኝ ሰው ናቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰይድ በመስተዋቱ አየኝና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

ዓርብ፣ ኩየራና ሻሸመኔ

ኩየራ ሚሲዮን ያለበት፣ ዛፉ በመስመር የተተከለ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ከሻሸመኔ አንድ እርምጃ ሆኖ ሳለ ሌላ አገር ይመስላል። ፕሮግራማችን ላይ «የኩየራ መምህራን» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ያልተጻፈው፣ የዚያ ሚሲዮን ሰዎች በሃይማኖታቸው ሻይም ቡናም የማይጠጡ መሆናቸው ነው።

የተቀበሉን መምህር ሳቃቸውን ይዘው ይህን አስረዱንና ቤታቸው አስገቡን። ባለቤታቸው ለእንግዳ የሚገባውን፣ ትኩስ ወተትና ዳቦ በቅቤ አቀረቡ። ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነው፤ ጋሼ ተሰማም እኔም ወተት አንጠጣም። እነሱ ሻያችንን፣ እኛ ወተታቸውን እያየን ቆየን። ሰይድ ብቻ፣ እስላም ስለሆነ ጾሙም እምነቱም አልያዘውምና፣ የሦስታችንን ወተት ጠጣ። «እኔ ለሁሉም እፈርዳለሁ» አለ።

መምህሩ ግን አዋቂ ነበሩ። የጋሼ ተሰማን አፍንጫ አይተው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በድስት አፍልተው፣ ጭንቅላታቸውን በፎጣ ሸፍነው አጠኗቸው። ጋሼ ተሰማ ከፎጣው ሥር ሲወጡ ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ቆም ብለው ሳቡ። «የዳቦው ጠርዝ አሯል» አሉ። አፍንጫቸው ተመልሷል።

ሻሸመኔ የገባነው በዘጠኝ ሰዓት ነው። አክስቴ በሩ ላይ እልል አለች። የቀረውን ስምንት ፍሬ ሳሙና ስሰጣት አንዱን ፈትታ አሸተተች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ውይ ብርቄ! እንዲህ ያለ ሳሙና ከወዴት አገኘሽ? ሎሚ ሎሚ ይላል እኮ!»

ጋሼ ተሰማ አፋቸውን በመሃረብ ሸፈኑ። የሳሉ መስለው ነበር፤ ሰይድ ግን ሲስቁ አይቻቸዋለሁ ብሎ ይምላል።

ቅዳሜ፣ ወደ ናዝሬት

የመመለሻ መንገዳችን በሞጆ በኩል በቀጥታ አዲስ አበባ ነው። ቅጾቹ በቦርሳዬ አሉ፤ ሎሚው ከናዝሬት በቀር በሁሉም ወድቋል። ያልተበላሸ ሎሚ ሻይ በዓለም ላይ የቀረው እትዬ ዘነበች እጅ ያለው አንድ ፓኬት ብቻ ነው። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን።

ሞጆ መገንጠያው ላይ ሰይድ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ናዝሬት ጠመዘዘው።

«ወዴት ነው?» አሉ ጋሼ ተሰማ።

«እኔ አይደለሁም ጋሼ፤ እሷ ናት» አለ መኪናይቱን እየጠቆመ። «እትዬ ዘነበች ናፍቀዋት ነው።»

«ዛሬ ናዝሬት ካደርን ነገ እሑድ ነው።» ያን ጊዜ እሑድ ያለ ልዩ ፈቃድ መኪና አይንቀሳቀስም።

«እንግዲህ ሰኞ ነዋ» አለ ሰይድ።

ጋሼ ተሰማ «አዙር» አላሉም።

እትዬ ዘነበች ሲያዩን እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ከጓሮ በኩል ወሰዱን። የልብስ ማስጫ ገመዳቸው ላይ፣ በክራቸው ተንጠልጥለው፣ ሃያ የሚሆኑ የሻይ ከረጢቶች ተሰጥተው ይደርቃሉ።

«ምን ላድርግ?» አሉ። «ያ የከባድ መኪና ሾፌር ጓደኞቹን አምጥቶ ያን ሎሚ ካልሰጡን አለ። ባለ ብዕሩ ሰውዬም በየጠዋቱ ይመጣሉ። ሲያልቅብኝ አንዱን ሁለቴ፣ ሦስቴ ነከርኩት። የመጨረሻዋን አንድ ብቻ አልነካሁም፤ ትመለሱ ይሆናል ብዬ።»

እሑድ፣ ናዝሬት

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ዘነበች ሻይ ቤቱን ዘግተው ጠረጴዛውን ለእኛ ብቻ ጠረጉ። ጋሼ ተሰማ ያችን የመጨረሻ ከረጢት በራሳቸው እጅ ነከሩ፤ ሰዓታቸውን እያዩ አወጡ፤ በሁለት ስኒ ከፋፈሉት። በማንኪያ ጨልፈው፣ በዚያ በጥንቱ ድምፅ ሳቡት። አገላበጡ። ተፉ። ሁለተኛውን ስኒ ወደ እኔ ገፉት።

ሳብኩ። ንጹሕ ሎሚ ነው፤ መጀመሪያ አፍ ይሞላል፣ ደስ ይላል። ኋላ ግን ከምላስ ሥር አንድ ነገር ይቀራል። ይህን ሰኞ ዕለትም አግኝቼው ነበር። ከዚያም በፊት መሥሪያ ቤት አግኝቼው ነበር።

«ምን አለው?» አሉኝ።

እትዬ ዘነበችና ሰይድ እኔን ያያሉ። ጥሩ ነው ብል ማንም አይከሰኝም።

«ልጣጩ በዝቷል ጋሼ» አልኩ። «ኋላ ይመራል። ሲሶውን ቢቀንሱት ኖሮ ከቀረፋውም ይበልጥ ነበር።»

እትዬ ዘነበች «ወይኔ ልጄ!» ብለው አፋቸውን ያዙ።

ጋሼ ተሰማ ስኒውን አነሡ፣ አዩት፣ አስቀመጡት። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከጅምሩ።»

«ከጅምሩ!» አሉ። ከዚያ ሳቅ ከሆዳቸው ተነሣ፤ ክራቫታቸው እስኪዞር ሳቁ። «ታዲያ ያ ምስኪን ሳሙና ምን አጠፋ! በይ አንድ ቅጽ ስጪኝ ብርቄ፤ አንቺም አንድ ያዢ።»

«አንቺ» ብለውኛል። አለቀስኩ፤ እትዬ ዘነበች የሽርጣቸውን ጫፍ ሰጡኝ። በቅጹ ላይ «መካከለኛ፤ ልጣጩ በዝቷል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እሳቸው በራሳቸው ቅጽ ምን እንደጻፉ አላሳዩኝም።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

ዝናብ ተቀበለን። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሳሙናውንም፣ የመቂውን ውሸትም፣ ስሜንም ጻፍኩ። ማክሰኞ ጠዋት የመምሪያ ኃላፊው ሁለታችንንም አስጠሩን። የተመረጠው ቀረፋው ነው፤ ይህ ከመሄዳችን በፊትም የታወቀ ነበር። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ ከቅምሻ ተነሥቼ እሽግ ክፍል ተመደብኩ። እናንተ ዘንድ የመጣሁት እንዲህ ነው።

ኃላፊው ግን ቅጾቹን ሲያገላብጡ ናዝሬት እሑድ ቀን የተሞላው ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይቺ ልጅ በሳሙናዋ ሻይዎን አበላሸች» አሉ። «ደግሞ ተመልሳ ‹ልጣጩ በዝቷል› ብላ መካከለኛ ሰጠችዎት። ምን ዓይነት ሰው ናት?»

ጋሼ ተሰማ ኮታቸውን ቆለፉ።

«ቀማሽ ናት» አሉ። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»